ግብና ግምት፤ የክትባት ተራ ቀን እንዴት ይቆረጥለታል?

አገር ሕዝቧን ልትከትብ በተነሣች ቁጥር አብሮ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «ለእኛስ መቼ ይደርሰናል?» የሚል። ላይ ላዩን ሲያዩት መልሱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብ ነው። የሕዝቡን ብዛት በቀን ለሚከተበው ሰው ቁጥር ያካፍሉታል፤ የወጣው ድርሻ የቀናቱ ብዛት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ቀን መቁጠሪያው ላይ ጣት ማሳረፍ ነው። የኢትዮጵያን የክትባት ታሪክ ከፈንጣጣ ዘመቻ ጀምሮ እስከ ኮቪድ የተከታተለ ሰው ግን ይህ ማካፈል ስንት ጊዜ እንዳሳሳተ ያያል። ስሕተቱ ሁልጊዜ የቁጥር ስሕተት አልነበረም። እኔ እንደምረዳው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ግብ እና ግምት። ግብ ልንደርስበት የምንመኘው፣ ለዚያም የምንተጋለት ቀን ነው። ግምት ደግሞ በእጃችን ባለው መድኃኒት፣ በእግራችን በምንደርስበት መንገድና ባሉን ሠራተኞች ልክ በርግጥ የሚደረስበት ቀን ነው። ሕዝብ የጠየቀው ግምት ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የተሰጠው ግብ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ የሚጎዳው መርሐ ግብሩ ብቻ አይደለም፤ በቀጣዩ ዘመቻ የሚነገረውን ቀን የሚያምን ሰውም ይጠፋል።

ነገሩ ከመርፌው በፊት ይጀምራል። ክትባት የሚለው ቃል ከክታብ ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነው፤ መጻፍንም ቆዳ ላይ መጫርንም ይይዛል። ዘመናዊው ክትባት ከመግባቱ በፊት በአገራችን ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቁስል ፈሳሹን ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርጎ ማስገባት የታወቀ ሥራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ጽፎታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1965 ስለ ፈንጣጣ ታሪክና ባህላዊ ሕክምና ባሳተሙት ጥናት ከሌሎች ምስክርነቶች ጋር አሰባስበውታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘዴው አደገኛ ነበር፤ የተከተበው ሰው በእውነተኛው በሽታ ሊያዝ፣ ለጎረቤቱም ሊያተርፍ ይችል ነበር። ይሁን እንጂ የመጠበቂያ ጊዜን በሚመለከት ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፈሳሹ የሚገኘው ከበሽተኛ ስለሆነ የአንድ መንደር ተራ የሚደርሰው በሽታው ወደ መንደሩ ሲቀርብ ነው። ቀን የቆረጠለት ማዕከል፣ የተጻፈ ሰሌዳ አልነበረም። የሰዎቹን ተራ ያወጣው የበሽታው አካሄድ ነው። ይህን አጉልቼ የማነሣው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ያጠፋው ስልት በጣም በተሻለ መድኃኒትና በጣም በተሻለ እውቀት የተመለሰው ወደዚሁ ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የተጠናከረውን የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በጥር 1967 ሲጀምር ለራሱ አሥር ዓመት ሰጠ። መነሻው ዕቅድ ሕዝብን በጅምላ መክተብ ነበር፤ በየአገሩ 80 በመቶው ሰው ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ተብሎ ታሰበ። ኢትዮጵያ ዘግይታ፣ በጥር 1971 ገባች። የጤና ሹማምንቱ ሐሳብ በወባ ማጥፋት ሥራ ተይዞ ነበር፤ ሠራተኛውም ገንዘቡም ወደዚያ ይሄድ ነበር። እስቲ የማካፈሉን ሒሳብ እንሥራው። በጊዜው የአገሪቱ ሕዝብ 25 ሚሊዮን ገደማ ነው ይባል ነበር፤ 80 በመቶው 20 ሚሊዮን ይሆናል። ሥራው በሦስት ዓመት ይለቅ ቢባልና በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢታሰብ በየቀኑ ከ22 ሺህ ሰው በላይ መከተብ አለበት። አንድ መቶ ከታቢ ቢሰማራ ለእያንዳንዱ በቀን 222 ሰው ይደርሰዋል። ቅዳሜ ገበያ መሐል ለቆመ ከታቢ 222 ሰው ምንም አይደለም። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መኪና ከሚገባበት መንገድ ከአንድ ቀን በላይ በእግር የሚያስኬድ ቦታ ላይ ነበር የሚኖረው። አንድ ቀን ሄዶ፣ የተራራቁ ጎጆዎችን ሲያዳርስ ውሎ፣ ሌላ ቀን ለሚመለስ ሰው 222 የሚለው ቁጥር ትርጉም የለውም። ማካፈሉ ልክ ነው፤ አካፋዩ ግን የገበያውን ከታቢ እንጂ የገደሉን ከታቢ አያውቅም።

ተካፋዩም ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም። 25 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር በቆጠራ የተገኘ አይደለም፤ አገሪቱ በጊዜው ተቆጥራ አታውቅም። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሊደረስባቸው ያልቻሉ አካባቢዎች በግምት ተሞልተው የተገኘው ቁጥር ከ42 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ13 ዓመት ከ25 ወደ 42 ሚሊዮን ለመድረስ ሕዝቡ በየዓመቱ ከአራት በመቶ በላይ ማደግ ነበረበት። ድርቅንና ረኃብን፣ አብዮትንና ጦርነትን ባሳለፈ ዘመን ይህ ሊሆን አይችልም። እንግዲያው ወደ ኋላ ሲታይ መነሻው ቁጥር ራሱ ዝቅ ብሎ ነበር ማለት ነው። በዚያ ቁጥር ላይ የቆመ ማንኛውም የመጠበቂያ ጊዜ ሚሊዮኖችን ሳይቆጥር «ተጠናቀቀ» የሚል ሰነድ ይሆን ነበር። ያልተቆጠሩት ደግሞ እነማን እንደሆኑ መገመት አያዳግትም፤ ከመንገድ የራቁት፣ ከከብታቸው ጋር የሚዘዋወሩት፣ ወባና ፈንጣጣ ያልተላቀቃቸው ናቸው።

የኢትዮጵያ ዘመቻ ከዚህ ወጥመድ የወጣው ጥያቄውን በመቀየሩ ነው። በታኅሣሥ 1966 በምሥራቅ ናይጄሪያ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ፌጊ ያለው ክትባት ለሁሉም አልበቃ ሲለው በሽታው የተገኘበትን መንደር ብቻ እየከበበ ወደ መክተብ ዞሮ ነበር፤ ሠራለትም። ይህ ቅኝትና ከበባ የተባለ ስልት ኢትዮጵያ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዋናው መንገድ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትን ወክሎ የሜዳውን ሥራ ከመሩት አንዱ ብራዚላዊው ሲሮ ደ ኳድሮስ ነበር። ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ቃኚው መንደር ሲገባ መጀመሪያ የሚያወጣው መርፌ አልነበረም፤ ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ነበር። ለተማሪዎች፣ ለገበያተኛ፣ ለባላባቱ ያሳያል፤ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ይላል። አይተናል ካሉት እዚያው መንደር ሄዶ የበሽተኛውን ቤተሰብ፣ ጎረቤቱንና ሰሞኑን የጠየቀውን ሁሉ ይከትባል። ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተሰነጠቀችው መርፌ በሁለቱ ጥርሶቿ መካከል አንዲት ጠብታ ትይዛለች፤ ክንድ ላይ 15 ጊዜ ወጋ ወጋ ይደረግባታል፤ ያ ነው በቃ። በሽታው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ተሻግሮ እስኪታይ 12 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ከተጋለጡ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ክትባቱን ያገኙ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ስለዚህ ከታቢው የሚሽቀዳደመው ከ12 ቀን ጋር እንጂ ከ20 ሚሊዮን ጋር አልነበረም።

ውጤቱ በመጀመሪያ አስደንጋጭ መስሎ ታየ። ቀደም ባሉት ዓመታት ከኢትዮጵያ ይቀርብ የነበረው የሕሙማን ቁጥር ጥቂት መቶ ብቻ ሲሆን በ1971 ግን 26,329 ተመዘገበ። በሽታው አልበረታም፤ የሚፈልገው ሰው ተገኘ እንጂ። በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ 16,999 ሆነ፤ በ1976 ወደ 915 ወረደ። በጅምላ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ዓመታት ይነገረን የነበረው «ከሕዝቡ ይህን ያህል በመቶ ተከትቧል» የሚል ዜና ነበር፤ ያ ደግሞ በሽታው መቼ እንደሚያልቅ ምንም አይነግርም። የሕሙማኑ ቁጥር መውረድ ግን ሊታመን የሚችል ግምት የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ሆነ።

እንዲያም ሆኖ ግምቱ ዘገየ፤ የዘገየበት ምክንያትም ያስተምራል። በኢትዮጵያ የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ቀለል ያለው ነው፤ ከመቶ ሕሙማን የሚገድለው አንድ ሁለቱን ነው። ለታማሚው መልካም ዜና ነው፤ ለዘመቻው ግን ፈተና ሆነ፤ ምክንያቱም ሰው ሽፍታው እያለበት ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ከብት ይነዳል፣ ከታቢውንም ያን ያህል አይፈልገውም። ባህላዊ ከታቢዎችም በየቦታው ሥራቸውን አላቋረጡም ነበር፤ በሽታው ከሄደበት መንደር መልሰው ያስነሡታል። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ ባለሥልጣናት ተቀያየሩ፣ ብዙ ቦታ መግባት አስቸጋሪ ሆነ። ሄሊኮፕተር እስከ መጠቀም ተደረሰ። በመጨረሻ በሽታው ተገፍቶ ኦጋዴን ገባ፤ እዚያ ደግሞ ሕዝቡ ከዝናቡ ጋር ይዘዋወራል። ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በያኔው ባሌ ክፍለ ሀገር፣ ኤል ከሬ ውስጥ ዲሞ በተባለች መንደር የሦስት ዓመት ሕፃን ላይ ሽፍታ ታየ። የኢትዮጵያ የመጨረሻዋ ታማሚ ናት፤ የዓለምም የመጨረሻ እንደሆነች ታስቦ ነበር። ያ ቢሆን ኖሮ የአሥር ዓመቱ ግብ ወራት ሲቀሩት በተመታ ነበር። ግን ከሳምንታት በኋላ ሞቃዲሾ ላይ ፈንጣጣ ተገኘ፤ በ1977 ሶማሊያ ውስጥ 3,229 ሰው ታመመ። የመጨረሻው ታማሚ፣ የመርካ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ዓሊ ማኦ ማሊን፣ ሽፍታ የወጣበት ጥቅምት 26 ቀን 1977 ነው። ከአሥር ዓመቱ ወደ አሥር ወር ገደማ ተርፎ ማለት ነው። አንድ ዓለም አቀፍ ሥራ በዚህ ልክ ወደ ተባለለት ቀን መቅረቡ ያስደንቃል፤ የቀረበው ግን የመነሻው የ80 በመቶ ስሌት ትክክል ስለነበረ አይደለም፤ ስሌቱን መሐል መንገድ ላይ ለመተው የደፈሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሕፃናት ክትባት ታሪክ ተቃራኒውን ያሳያል። ኢትዮጵያ የተስፋፋ ክትባት ፕሮግራም የተባለውን በ1980 ስትጀምር ግቡ በ1990 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሁሉ መከተብ ነበር። በ1986 ግቡ ወደ 75 በመቶ ዝቅ ተደረገ፤ ዕድሜውም ከአንድ ዓመት በታች ወደሚል ተቀየረ። ከዚያ ምን ሆነ? በ2000 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ሁሉንም መሠረታዊ ክትባት ያገኙት 14 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳየ። በ2005 ወደ 20፣ በ2011 ወደ 24፣ በ2016 ወደ 39 በመቶ አደገ። እነዚህን አራት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። በ1990 ሁሉም ይደርሳል የተባለው ነገር ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ገና ግማሽ አልደረሰም። የኋለኛው እመርታ ከ2003 ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ከመመደባቸው ጋር ይገናኛል። እያንዳንዷ ሠራተኛ በአካባቢዋ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የማን ልጅ ሦስተኛውን ክትባት እንዳላገኘ በስም ታውቃለች። ተራውን ያፋጠነው የተሻለ ቀጠሮ ቀን አይደለም፤ ቤቱን የምታውቅ ሰው መኖሯ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ግብ ከፍ ብሎ ካልተሰቀለ ማን ይሮጣል? በ1967 አሥር ዓመት ባይባል ኖሮ ገንዘቡም ሰውም ባልተገኘ ነበር፤ በ1990 ሁሉም ይከተባል ባይባል ኖሮ 14 በመቶውም አይገኝም ይሆናል። ይህን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ከፍ ያለ ግብ መንግሥትን ያንቀሳቅሳል፤ ለጋሹን ያሳፍራል፤ ሠራተኛውን ያበረታል። ነገር ግን ይህ መከራከሪያ ለግብ አስፈላጊነት እንጂ ግብን እንደ ግምት ለመንገር አይቆምም። የጤና ሚኒስቴር በውስጥ ሰነዱ 100 በመቶ ብሎ ሊሮጥ ይችላል። ልጇን ያዘለችው እናት ግን የምትወስነው በተነገራት ቀን ነው፤ ወደ ከተማ ትሂድ ወይስ እዚህ ትጠብቅ፣ እርሻው ለሚጠይቃት ሳምንት ትቅር ወይስ ትውረድ። ቀኑ ሳይሆን ሲቀር የምትከፍለው የግል ኪሣራ ነው። ከሁለቱ አንዱን ለማዳን ሌላውን መሠዋት አያስፈልግም፤ ሁለት ቁጥር፣ በሁለት ስም፣ ለሁለት ጉዳይ መናገር ይቻላል።

ኮቪድ ይህን ጉዳይ በአንድ ዓመት ጨምቆ አሳየን። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.184 ሚሊዮን መጠን የአስትራዜኔካ ክትባት ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ በኩል ቦሌ ደረሰ፤ መጋቢት 4 ቀን ክትባቱ በይፋ ተጀመረ፤ ግቡ በ2021 መጨረሻ ከሕዝቡ 20 በመቶውን መድረስ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት መጠን ስለሚያስፈልግ የመጣው ክትባት ለ1.092 ሚሊዮን ሰው፣ ከሕዝቡ አንድ በመቶ ለሚሆነው ይበቃል። የቀረውን 19 በመቶ መቼ እንደምንደርስ ለማወቅ የነርሶችን ብዛትና የጤና ጣቢያዎችን የሥራ ሰዓት መቁጠር ከንቱ ነበር፤ መልሱ ያለው ፑኔ በምትባል የሕንድ ከተማ፣ ክትባቱን በሚያመርተው የሴረም ኢንስቲትዩት ግቢ ነበር። በዚያው መጋቢት ሕንድ በሁለተኛው ማዕበል ስትመታ ወደ ውጭ የሚላከውን ክትባት ገታች። የመጀመሪያውን የተወጋ ሰው ሁለተኛውን የሚያገኝበት ቀን በወረቀቱ ተጽፎለት ሳለ ብልቃጡ አገር ውስጥ አልነበረም። ኋላ ክትባት በብዛት ሲገባ ደግሞ ማነቆው ቦታ ቀየረ፤ በሰሜኑ ጦርነት ጤና ተቋማት ወድመው፣ በሌላውም ቦታ ሰው ክትባቱን ተጠራጥሮ። የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ 20 በመቶው አልተሞላም። ተራን የሚወስነው ሁልጊዜ ከሁሉ ቀርፋፋው ክፍል ነው፤ ቀርፋፋው ክፍል የትኛው እንደሆነ ደግሞ ከወር ወር ይለዋወጣል። ግምት አውጪው በየወሩ ቁጥሩን ሊያርም፣ ለምን እንዳረመም ለሕዝቡ ሊነግር የሚገባው ለዚህ ነው።

የፈንጣጣው ምሳሌ ለሌላ በሽታ አይሠራም የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ፈንጣጣ ፊት ላይ ይታያል፤ ምልክት ሳያሳይ የሚያስተላልፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ በእንስሳት ውስጥ አይደበቅም፤ ጠባሳው ከዓመታት በኋላም ይመሰክራል። ኮቪድ ከዚህ አንዱም የለውም፤ ኩፍኝም እጅግ ፈጥኖ ስለሚዛመት በሽተኛ እየተከተሉ መክበብ ብቻውን አያቆመውም፤ ሕፃናቱን በሙሉ መከተብ ግድ ነው። ስለዚህ ማካፈሉ አይቀርም። እኔ የምለው ማካፈሉን በአገር ደረጃ አንድ ጊዜ ሠርቶ ለሁሉም አንድ ቀን መንገር ይቅር ነው። በ2016ቱ ጥናት አገራዊው አማካይ 39 በመቶ ሲሆን አዲስ አበባ 89፣ አፋር ደግሞ 15 በመቶ ነበር። 39 በመቶ የሚባለው ቁጥር የሚኖርበት ቤት የለም። ለአዲስ አበባዋ እናት የሚነገረው ግምት ለአፋሯ አይሠራም። በወረዳ የተከፈለ፣ «ክትባቱ በዚህ ወር ከገባ ከዚህ እስከዚህ ባለው ጊዜ» የሚል፣ የቆመበትን ሁኔታ የማይደብቅ ግምት ግን ይሠራል። እንዲህ ያለው አነጋገር ሕዝቡን ያደናግራል የሚሉ አሉ። ዝናቡ ከያዘ በግንቦት፣ ካልያዘ በሰኔ እዘራለሁ ብሎ ለሚኖር ገበሬ «ከሆነ» የሚል ቃል እንግዳ አይደለም።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሳይዛነፍ የተጠበቀ አንድ የመጠበቂያ ጊዜ አለ። የመጨረሻው ፈንጣጣ ታማሚ ከተገኘ በኋላ አንድ አካባቢ ነፃ ነው የሚባለው ሁለት ዓመት ሙሉ በብርቱ ቅኝት ተፈልጎ ሌላ ሰው ካልተገኘ ብቻ ነው ተብሎ ነበር። ይህ ሁለት ዓመት የተቆረጠው ለፖለቲካ ወይም ለበዓል እንዲመች አልነበረም፤ በሽታው በ12 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ስለሚሻገር በሁለት ዓመት ውስጥ የተደበቀ ሰንሰለት ካለ ብዙ ጊዜ ራሱን ሊያጋልጥ ይገባዋል ከሚል ስሌት የመጣ ነው። ኦጋዴን ውስጥና ሶማሊያ ውስጥ ቅኝት ሠራተኞች ካርዳቸውን ይዘው፣ አንድም ታማሚ ላያገኙ፣ ከመንደር መንደር፣ ከውኃ ጉድጓድ ውኃ ጉድጓድ ሲጠይቁ ሁለት ዓመት ቆዩ። የአፍሪካ ቀንድ ከፈንጣጣ ነፃ መሆኑ ናይሮቢ ላይ የታወጀው ጥቅምት 26 ቀን 1979 ነው፤ መርካ ላይ ሽፍታው በታየ በሁለተኛ ዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት።